ዘጭ፣ ዱብ፣ ግንድስ

ዘጭ፦ ከባድና ሥጋ የበዛበት አካል መሬት ሲመታ የሚሰማ ድምፅ። ብቻውን አይቆምም፤ «አለ» ወይም «አደረገ» ሲከተለው ግሥ ይሆናል፦ በሬው ዘጭ አለ። ድንጋይ ዘጭ አይልም፤ ለእሱ የሚስማማው ዱብ ነው። ዱብ ከላይ ሳይታሰብ ለሚወርድ ነገር ሁሉ ያገለግላል፤ በ«ዱብ ዕዳ» ውስጥ ያለውም ይኸው ቃል ነው። ከ«ገነደሰ» የወጣው ግንድስ ቁመት ላለው ይሆናል፦ ለዛፍ፣ ለግመል፣ ለቀጭኔ።

በዋሽንግተን ዲሲ ዙሪያ ያሉት የሲልቨር ስፕሪንግና የአሌክሳንድሪያ ሐበሻ ልጆች «ዝሆን ሲወድቅ ምን ይላል?» ተባብለው ቢሳሳቁ፣ ትክክለኛው መልስ ዘጭ ነው፤ ይህን የመሰለ ውብ ቃል እያለን ከእንግሊዝኛ መበደር አያስፈልግም። በዋሽንግተኑ የስሚዝሶኒያን መካነ እንስሳት ያሉት የእስያ ዝሆኖች በቶን ይመዘናሉ። አካል ሲተልቅ ክብደቱ ከቆዳው ስፋት በላይ ስለሚጨምር፣ ትንሹን እንስሳ የሚያዘገየው አየር ትልቁን አያቆመውም። ባዮሎጂስቱ ጄ. ቢ. ኤስ. ሃልዴን በ1926 ይህንኑ ጉድጓድ ውስጥ በሚወድቁ አይጥና ፈረስ አስረድቷል።

ዘፍ ግን ከመውደቅ አይቆጠርም፤ የደከመው ሰው ወንበር ላይ ሲቀመጥ የሚባል ነው።