ከቦሩ ሜዳ በኋላ፦ የጨፋ ሸለቆ መምህራንና ደረሳዎቻቸው

ከኮምቦልቻ ወደ ደብረ ብርሃን ሲጓዙ ከሚሴ ላይ የጨፋን ሜዳ አይተውት ይሆናል። ከሸለቆው በላይ ተራራ ላይ ሾንኬ የሚባል የአርጎባ መንደር አለ፤ የድንጋይ ቤቶቹ ተጠጋግተው የተሠሩ ናቸው። በቤተ ክርስቲያን ታሪክ ትምህርታችን ስሙ አይነሣም። መነሣት አለበት እላለሁ።

እ.ኤ.አ. በ1878 ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ አደረጉ። እኛ ጉባኤውን የምናስታውሰው የሦስት ልደት ወገን በመወገዙ ነው። ሌላውን ውሳኔ በአንድ ዐረፍተ ነገር እናልፈዋለን፦ ሙስሊሞች በ3 ዓመት ውስጥ እንዲጠመቁ ታዘዘ። ሹማምንት ከሹመታቸውና ከሃይማኖታቸው አንዱን መምረጥ ነበረባቸው። ኢማም መሐመድ ዓሊ ተጠመቁ፤ ንጉሠ ነገሥቱ ክርስትና አባት ሆኑላቸው። ኋላ ንጉሥ ሚካኤል የተባሉት እርሳቸው ናቸው።

ታዲያ መኳንንቱ ሲጠመቁ ሕዝቡን ማን ያዘው? መምህራኑ ናቸው። ሼህ ጦልሃ ቢን ጃዕፈር ዐመፁን መሩ፤ በዐረብኛ ፊደል በአማርኛ መንፈሳዊ ግጥም ጻፉ። ለእኔ ከጦርነቱ ይልቅ ይህ ይበልጣል፤ ዐረብኛ የማያውቀው ገበሬ እምነቱን በሚሰማው ቋንቋ ያዘ። በሾንኬ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1937 ያረፉት ሐጂ ጀውሃር ቢን ሐይደር ያስተምሩ ነበር። በወሎ ሥርዓት ትምህርት ቤት ማለት ሼሁ እንጂ ሕንፃው አይደለም፤ ደረሳው ወዳሉበት ይሄዳል፣ መንደሩም ያበላዋል። (የቆሎ ተማሪን ያየ ሰው ይህ አይከብደውም።) እንዲህ ያለውን ትምህርት ቤት በአዋጅ ማሸግ አይቻልም።

እኛም የምንኮራበት ተመሳሳይ ታሪክ አለን። መሠረተ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን እ.ኤ.አ. በ1982 በደርግ ስትዘጋ 5,000 ያህል አባላት ነበሯት፤ በየቤቱ በትናንሽ ቡድን ተምረው በ1991 ወደ 34,000 ደረሱ። ልዩነቱ ይህ ነው፦ ቦሩ ሜዳ ላይ አሳዳጁ የክርስቶስን ስም የጠራው ወገን ነበር። ይህን ሳናስተምር የእኛን ስደት ብቻ ብንተርክ ታሪኩን ግማሽ አደረግነው። በዚያ ላይ ግዴታው በሙስሊሞች አላበቃም፤ በማግስቱ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1879፣ በዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ የካቶሊኩ ሚስዮናዊ አባ ማስያስ ከሸዋ ተባረሩ።

በከሚሴ አካባቢ የሚያገለግሉ መጋቢ ከሆኑ፣ ጎረቤትዎ «ጥምቀት» የሚለውን ቃል ሲሰማ ምን እንደሚያስታውስ ከመስበክዎ በፊት ይጠይቁት። ለሽማግሌዎቹ 1878 ሩቅ ዘመን አይደለም።