«ከሥሬ ሰው አለ» የሚለው ባንዲራ

ታላቁ የኢትዮጵያ ህዳሴ ግድብ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. በቤንሻንጉል ጉሙዝ ክልል ጉባ ወረዳ የመሠረት ድንጋዩ ተጥሎ፣ ሐምሌ 2012 ዓ.ም. ውኃ መያዝ ጀምሮ፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. መመረቁ ይታወሳል፡፡ ከግድቡ በስተኋላ የተንጣለለውና ንጋት የሚል ስያሜ የተሰጠው ሐይቅ ሲሞላ 74 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውኃ ይይዛል፤ ስፋቱም 1,874 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው፡፡ ትናንት ሰው በእግሩ ይሄድበት በነበረው ቆላ ዛሬ የሞተር ጀልባ ይመላለስበታል፤ ዓሣም ይጠመድበታል፡፡

ጀልባ ባለበት የመስጠም አደጋ አይጠፋም፤ ሰው ሲሰጥም ደግሞ የሚጠራው ጠላቂ ዋናተኛ ነው፡፡ በአዲስ አበባ የእሳትና አደጋ ስጋት ሥራ አመራር ኮሚሽን ጠላቂ ዋናተኞች በወንዝና በኩሬ የሰጠሙ ሰዎችን አስከሬን ሲያወጡ በየክረምቱ እንሰማለን፡፡ በወንዝና በኩሬ ከላይ የሚያልፍ ሞተር የለም፡፡ በሐይቅ ላይ ግን ለጠላቂው አንዱ ትልቅ አደጋ ከበላዩ የሚመጣው ነው፡፡

ጀልባ ነጂው ውኃ ውስጥ ያለውን ሰው አያይም፤ ማዕበል ካለ የሚወጣውን የአየር አረፋም አይለይም፡፡ ጠላቂው በበኩሉ የሞተሩን ድምፅ ይሰማል እንጂ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ያቅተዋል፡፡ ምክንያቱም ድምፅ በውኃ ውስጥ ከአየር ይልቅ ከአራት ጊዜ በላይ ስለሚፈጥን ለሁለቱም ጆሮዎች በአንድ ጊዜ የደረሰ ይመስላል፡፡ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ከውኃው በላይ የሚውለበለብ ባንዲራ ብቻ ነው፡፡

በዓለም ላይ በስፋት የሚታወቁት ባንዲራዎች ሁለት ናቸው፡፡ አንደኛው ቀይ መደብ ላይ ነጭ ሰያፍ መስመር ያለው ሲሆን፣ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በአሜሪካ ተጀምሮ የተስፋፋ ነው፡፡ ትርጉሙ «እዚህ ጠላቂ አለ» ማለት ነው፡፡ ሁለተኛው በዓለም አቀፍ የመርከበኞች የምልክት ቋንቋ «አልፋ» የሚባለው፣ በሰንደቁ በኩል ነጭ፣ በጫፉ በኩል ሰማያዊና እንደ ወፍ ጅራት የተሰነጠቀ ነው፡፡ ይህኛው የሚሰቀለው በጀልባው ላይ ሲሆን፣ «ጠላቂ አሰማርቻለሁ፤ ራቅ ብላችሁ በዝግታ እለፉ» ይላል፡፡

ባንዲራውን መስቀል ብቻውን አይበቃም፡፡ ከሁሉም አቅጣጫ እንዲታይ ከፍ ብሎ መሰቀል አለበት፤ ነፋስ በሌለበት ቀን እንዳይተኛም በሽቦ ወይም በቀጭን እንጨት መወጠር ይኖርበታል፡፡ ጠላቂው ከውኃ ሲወጣ ወዲያውኑ መውረድ አለበት፡፡ ቀኑን ሙሉ ተሰቅሎ የሚውል ባንዲራ ነጂዎች እንዲንቁት ያስተምራል፤ የተናቀ ምልክት ደግሞ ማንንም አያድንም፡፡

ርቀትን በተመለከተ የአሜሪካዋ ፍሎሪዳ ሕግ ጥሩ ምሳሌ ይሆናል፡፡ በዚያ በሰፊ ውኃ ላይ ጀልባ ከባንዲራው 91 ሜትር ያህል፣ በጠባብ መተላለፊያ 30 ሜትር ያህል እንዲርቅ ይጠበቅበታል፡፡ ከዚያ መቅረብ ግድ ከሆነበት በጣም አዝግሞ ያልፋል፡፡ ግዴታው የጀልባው ብቻ አይደለም፤ ጠላቂውም ከባንዲራው ከዚያ ርቀት በላይ እንዳይሄድ ይመከራል፡፡

ጠላቂው ከጀልባው ርቆ የሚወጣ ከሆነ ደግሞ ከላስቲክ የተሠራ፣ ብርቱካናማ ወይም ቀይ ቀለም ያለው ረዥም ተንሳፋፊ ምልክት ያስፈልገዋል፡፡ ከውኃው ሥር ሆኖ አየር ይሞላውና በክር አስሮ ቀድሞት እንዲወጣ ይለቀዋል፡፡ እዚህ ላይ ጥንቃቄ ይሻል፡፡ ክሩ የተጠቀለለበት መዘውር ከጠላቂው ልብስ ወይም መሣሪያ ጋር መታሰር የለበትም፡፡ ክሩ ከተያዘ ምልክቱ ሰውየውን ይዞት ይወጣል፤ በፍጥነት መውጣት ደግሞ ሳንባን እስከመቅደድ ያደርሳል፡፡ አየሩ ወደ ላይ ሲወጣ ይሰፋል፤ 10 ሜትር ላይ የተሞላው ከውኃው ገጽ ሲደርስ እጥፍ ያህል ይሆናል፡፡ ስለዚህ ከሥር ጢም አድርጎ መሙላት አያስፈልግም፡፡ ከመልቀቅ በፊት ቀና ብሎ ከላይ ጀልባ፣ መረብ ወይም የዛፍ ቅርንጫፍ አለመኖሩን ማየት፣ ክሩ ቢጠላለፍም የሚቆርጥበት ቢላዋ በቀላሉ በሚደረስበት ቦታ መያዝ ተገቢ ነው፡፡ ከዚያም ክሩን እየጠቀለሉ፣ ትንፋሽ ሳይዙ፣ በደቂቃ ከ9 ሜትር በማይበልጥ ፍጥነት መውጣትና 5 ሜትር ላይ ለሦስት ደቂቃ መቆየት የተለመደ ነው፡፡

በእኛ አገር አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ከፍታ፡፡ የንጋት ሐይቅ ሲሞላ ገጹ ከባሕር ጠለል በላይ 640 ሜትር ላይ ነው፡፡ ለባሕር የተዘጋጁ የጥልቀትና የጊዜ ሠንጠረዦች ከ300 ሜትር ከፍታ በላይ እንዳሉ አይሠሩም፤ ለከፍታ የተስተካከለ ሠንጠረዥ ያስፈልጋል፡፡ ሥራውን ጨርሶ በዚያው ቀን ወደ አዲስ አበባ የሚነሳ ጠላቂም ከ2,300 ሜትር በላይ ወዳለ ከተማ መውጣቱ ነው፡፡ ይህ በመኪና ቢሆን እንኳ ለሰውነቱ አውሮፕላን እንደመሳፈር ነው፡፡ ለበረራ የተለመደው ምክር ከአንድ ጥልቀት በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ከተደጋገመ ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት መጠበቅ ነው፡፡

ከዚህ በተጨማሪ ውኃ ወደ ተርባይኖቹ በሚገባበት አካባቢ የሚፈጠረውን የመሳብ ኃይል ማንም ዋናተኛ ታግሎ አያመልጠውም፤ ባንዲራም አያስጥልም፡፡ በዚያ አካባቢ መጥለቅ የሚቻለው በተቋሙ ፈቃድ፣ መሣሪያዎቹ ቆመውና ተቆልፈው ብቻ ነው፡፡

ባንዲራ የሚሠራው ግን የሚያነበው ሲኖር ነው፡፡ ለጠላቂው መሣሪያ ከመግዛት ጎን ለጎን፣ በሐይቁ ላይ ለሚሠሩ ዓሣ አስጋሪዎችና ጀልባ ነጂዎች የምልክቱን ትርጉም ማስተማር ያስፈልጋል፡፡ አንድ ጨርቅና ጥቂት ደቂቃ ማብራሪያ ወጪያቸው ትንሽ ነው፤ ሌላውን ሰው ሊያወጣ የገባውን ሰው ግን በሕይወት ያስወጣሉ፡፡