ጠጅና የወይን ጠጅ መመዘኛ

በ1ኛው መቶ ዓመት የተጻፈው «የኤርትራ ባሕር ጉዞ» የተባለው የግሪክኛ መጽሐፍ ወደ አዱሊስ ከሚገቡት ሸቀጦች መካከል የሎዶቅያንና የኢጣልያን ወይን ጠጅ ይቈጥራል፤ መጠኑ ግን ጥቂት እንደ ነበረ ያመለክታል። ከ1512 እስከ 1518 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የቆየው ፖርቱጋላዊው ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም የወይን ጠጅ በግልጥ የሚጣለው በንጉሡና በጳጳሱ ቤት ብቻ እንደ ነበረ ጽፏል።

እንግዲህ የብዙው ሕዝብ ምላስ የሠለጠነው በማር ጠጅ ነው። ስሙም ይህንኑ ይመሰክራል፤ የወይኑ መጠጥ በጠጅ ተሰየመ እንጂ ጠጁ በወይን አልተሰየመም።

ዛሬ ከቦሌ እስከ ጎሮ ባሉት ግሮሰሪዎች በመጠነኛ ዋጋ ከሚገኙት መካከል ጣፋጩ አክሱሚት ሲመሰገን፣ ደረቁ ጉደር ወይም ከባቱ (ዝዋይ) የሚመጣው ቀይ ወይን «ኮምጣጣ ነው» ተብሎ የሚነቀፍበት ጊዜ አለ። ነቃፊው በጠጅ ልማድ የሚፈርድ ይመስለዋል። ነገር ግን ጠጅ ቤቱ ራሱ ለስላሳ፣ መካከለኛና ደረቅ ብሎ ይለያል። ጠጅ የሚደርቀው እርሾው የማሩን ስኳር በልቶ ሲጨርስ ነው፤ ወይንም እንዲሁ ነው። ስለዚህ ደረቅነት ዓይነት እንጂ ጕድለት አይደለም። ዋጋው ርካሽ የሆነውም ወይን በየዓይነቱ ሊመዘን ይገባዋል፤ ለዚህም የሚያስፈልገው ቃል ከውጭ ሳይመጣ በጠጅ ቤት ሲነገር ኖሯል።