የሚጽፍ ጣት፣ የሚያነብ ጣት

በብራናው ዘመን የጸሐፊና የአንባቢ ሥራ ለየቅል ነበር። ከአጅባር እምብዛም በማይርቀው በመቅደላ አምባ ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ያሰባሰቧቸውን፣ በ1868 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ ጦር የወሰዳቸውን መጻሕፍት እናስብ። ጸሐፊው ብርዕና ቀለሙን ይዞ ብራናው ላይ ያጎነብሳል፤ አንባቢው መጽሐፉን አትሮንስ ላይ ዘርግቶ ቅጠሉን ይገልጣል። የሚጽፈውና የሚገልጠው እጅ አይምታቱም ነበር።

ኮምፒውተር ግን ሁለቱን እጆች በአንድ የቁልፍ ገበታ ላይ አገናኛቸው። የበርክሌይ ተማሪ የነበረው ቢል ጆይ በ1976 እ.ኤ.አ. ቪአይ የተባለውን የጽሑፍ ማዘጋጃ ሲሠራ ሁለቱን ሥራዎች በየተራ አደረጋቸው። በመጻፊያው ተራ ቁልፉ ፊደል ይጥላል፤ በሌላው ተራ ያው ቁልፍ ትእዛዝ ይሆናል፦ ኤች ወደ ግራ፣ ጄ ወደ ታች፣ ኬ ወደ ላይ፣ ኤል ወደ ቀኝ። ምርጫው ምሥጢር የለውም። ጆይ የሠራበት ኤዲኤም 3ኤ የተባለው ተርሚናል ቀስቶቹ የታተሙት በእነዚሁ አራት ቁልፎች ላይ ነበር። ተርሚናሉ አረጀ፤ ልማዱ ግን በጣት ላይ ቀረ።

ልማዱ ወደ ንባብም ተሻገረ። በ1978 እ.ኤ.አ. ዳንኤል ሃልበርት የጻፈው ሞር የተባለ የጽሑፍ ማሳያ በመጀመሪያ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አይመልስም ነበር። በ1980ዎቹ ማርክ ኑደልማን ወደ ኋላም የሚመልሰውን ሌስ ሠራ፤ የቪአይን ቁልፎችም ወረሰ። ዛሬም በተርሚናል ረጅም ጽሑፍ የሚያነብ ሰው በጄ ይወርዳል፣ በኬ ይወጣል።

የእኛ ጉዳይ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ፊደላችንን አካተተ፤ አማርኛም ተርሚናል ላይ ለመታየት በቃ። ሆኖም ግጥም ጽፌ፣ የአማርኛው ገበታ እንደበራ፣ ላነበው ስከፍተው ለመውረድ የነካሁት ቁልፍ «ጅ» ይልካል፤ ሌስም አያውቀውም። የገዛ ፊደላችንን ለማንበብ ከፊደላችን መውጣት ግድ ይሆናል።

ይህ ግን የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፤ የአንድ ተርሚናል ቅርስ ነው። ሌስ ትእዛዞቹን በሌሎች ቁልፎች ላይ ለማሰር ይፈቅዳል። እንግዲያው ለታች «ት»፣ ለላይ «ል» ብንል ምን ይከለክለናል? የባዕዱ ጄ «ታች» የሚል ትርጉም የለውም፤ የእኛው ግን ከቃሉ ይወለዳል። አንባቢም በቋንቋው ገብቶ በቋንቋው ይወጣል።