«ስካር» እና «መመረዝ» በበሽታዎች ምደባ ታሪክ ውስጥ

ከጥቂት ጊዜ በፊት ለእርማት በደረሰኝ አንድ የሕክምና ቅጽ ትርጉም ውስጥ «ኢንቶክሲኬሽን» የሚለው የባዕድ ቃል በአንዱ ገጽ «ስካር»፣ በሌላው ገጽ «መመረዝ» ተብሎ ተተርጕሞ አገኘሁ። ተርጓሚው ሳያመዛዝን የጻፈው ይመስላል፤ ሆኖም ችግሩ የእርሱ ብቻ አይደለም። ቃሉ ራሱ መንታ ነው። በግሪክ «ቶክሶን» ቀስት፣ «ቶክሲኮን» ደግሞ ፍላጻ የሚቀባው መርዝ ነበር። ከዚህ የወጣው የላቲን ግሥ «መረዘ» ማለት ሲሆን፣ እንግሊዝኛው ከጊዜ በኋላ ለመጠጥም አዋለው።

የምደባው መዝገብም እንደ ቃሉ ሲዋልል ኖሯል (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ፈረንሳዊው ዣክ በርቲዮን በ1893 ቺካጎ ላይ ያቀረበው የሞት ምክንያቶች ዝርዝር በ1909 ሲከለስ፣ አጣዳፊም ሆነ ሥር የሰደደ የአልኮል ሕመም በቍጥር 56፣ የእርሳስ ማዕድን መመረዝ በቍጥር 57 ተመዘገቡ። ጠጪውና እርሳስ የመረዘው ሠራተኛ ጎረቤታሞች ነበሩ ማለት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ኀላፊነቱን ተረክቦ በ1948 ባወጣው ስድስተኛ ክለሳ ግን አልኮል ቍጥር 322 ተሰጥቶት ከጠባይና ከባሕርይ መታወክ ጋር ተመደበ። ሰውየው ያው፣ መጠጡም ያው፤ የተለወጠው ጎረቤቱ ነው።

በ1990 የጸደቀው ዐሥረኛው ክለሳ ድንበሩን በግልጽ አሰመረ። አጣዳፊ የአልኮል ስካር በአእምሮና በጠባይ መታወክ ምዕራፍ በኤፍ 10.0፣ የአልኮል መርዛማ ውጤት በቲ 51 ይመዘገባል፤ ከኤፍ 10.0 ሥርም መመረዝን የሚመለከተው ትርጉም እዚህ እንደማይገባ ማሳሰቢያ ሰፍሯል። በደም ውስጥ የተገኘው የአልኮል መጠን ደግሞ ለብቻው ዋይ 90 የሚል ተጨማሪ መለያ አለው። በ2019 የጸደቀውና ከ2022 ጀምሮ የሚሠራበት ዐሥራ አንደኛው ክለሳም ሁለቱን አልቀላቀለም።

እንግሊዝኛ በማሳሰቢያ የሚለየውን አማርኛ በግሡ ይለየዋል። «ሰከረ» ባለቤቱ ራሱ ያደረገው ነው። «ተመረዘ» ግን ተደራጊ ግሥ ነው፤ ሰሚው ወዲያው «ማን መረዘው?» ይላል። ሐኪሙ የሰከረውን ሰው «ተመርዟል» ብሎ ቢጽፍ ቤተ ዘመድ ጠላት ይፈልጋል፤ ፖሊስም ይጠራ ይሆናል። በአንጻሩ ሜታኖል የተቀላቀለበት አረቄ ጠጥቶ ዐይኑ የጠፋ ሰው «ሰክሮ ነው» ተብሎ ቢመዘገብ በደል ነው፤ የእርሱ ቦታ ቲ 51.1 ነው። ሳያውቅ አልኮል የጠጣ ሕፃንም እንዲሁ መመረዝ እንጂ ስካር አይባልበትም።

አስቸጋሪው ከኤፍ 11 እስከ ኤፍ 19 ያለው፣ ከአልኮል ውጭ ያሉትን ዕፆች የያዘው ክፍል ነው። ለጫት «ምርቃና» አለን፤ ቃሉ ግን ከጫት አይርቅም። አንዳንዶች «መደንዘዝ» ይላሉ፤ አነቃቂ ዕፅ የወሰደ ሰው ግን ምኑ ደነዘዘ? በእኔ አስተያየት «ስካር» ይበቃል። «በሥልጣን ሰከረ»፣ «በፍቅር ሰከረ» ሲባል ቃሉ ከጠላና ከጠጅ ከወጣ ቈይቷልና «የአልኮል ስካር»፣ «የካናቢስ ስካር» ብሎ መቀጠል አያስነውርም። «መመረዝ» ለቲ ምዕራፍ ይቈይ፤ ተርጓሚውም ቃሉን ከመምረጡ በፊት አጠገቡ የተጻፈውን መለያ ይመልከት።