የመሐላ ዋጋ በእንግሊዝ

አማርኛ መሐላንና ስድብን በሁለት ቃል ይለያል፤ እንግሊዝኛ ግን ዳኛ ፊት መማልንም ጎዳና ላይ መሳደብንም «ስዌር» በሚል አንድ ግስ ይጠራል። ይህ ያለ ምክንያት አልሆነም። ለብዙ ምዕተ ዓመታት እንግሊዛዊን ይበልጥ ያስደነግጠው የነበረው ነውረኛ የገላ ስም ሳይሆን የእግዚአብሔር ስም በከንቱ መጠራቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1606 የወጣ ሕግ በቲያትር መድረክ ላይ የአምላክን ስም በዋዛ በሚጠራ ሰው ላይ 10 ፓውንድ ቅጣት ጣለ። «ዛውንድስ»፣ ማለትም «በአምላክ ቁስል» የሚለው የተሸራረፈ መሐላ፣ በ1622 በታተመው የሼክስፒር «ኦቴሎ» ውስጥ ይገኛል፤ ከ1623ቱ እትም ግን ወጥቷል።

ለእኔ ይበልጥ የሚገርመኝ የ1745ቱ ሕግ ነው፤ መሐላን በማዕረግ ተምኖታልና። የቀን ሠራተኛ፣ ተራ ወታደርና ተራ መርከበኛ ለአንድ መሐላ 1 ሽልንግ ይከፍላሉ፤ ከ«ጀንትልማን» በታች ያለ ሌላ ሰው 2፤ «ጀንትልማን»ና ከዚያ በላይ ያለው 5። ሁለተኛው ጥፋት እጥፍ፣ ከሦስተኛው ጀምሮ ሦስት እጥፍ ያስቀጣል። ገንዘቡ ለአጥቢያው ድሆች ይውላል፤ መክፈል ያቃተው ሠራተኛ ግን 10 ቀን በማረሚያ ቤት ከባድ ሥራ ይሠራል። አዋጁም በዓመት 4 ጊዜ በየቤተ ክርስቲያኑ እንዲነበብ ታዘዘ። ላይ ላዩን ሲያዩት አቅምን ያገናዘበ ይመስላል። ሆኖም በገጠር 1 ሽልንግ የሠራተኛው የአንድ ቀን ምንዳ ያህል ነበር፤ የባለርስቱ 5 ሽልንግ ግን ኪሱን አይነካውም።

መንግሥት በሰው አፍ ላይ ዋጋ የጣለው ስለ ሃይማኖት ብቻ አይመስለኝም። ምስክርነት፣ ሹመትና ቀረጥ የቆሙት በመሐላ ላይ ነበር፤ በየመጠጥ ቤቱ የሚረጭ መሐላ ደግሞ እንደ ተሸረፈ ብር ዋጋ ያጣል። ነገር ግን ዋነኛው አርካሽ ራሱ መንግሥት ነበር። ጉምሩክ ለጥቃቅኑ ሰነድ ሁሉ ነጋዴውን ያስምል ስለነበር «የጉምሩክ መሐላ» የሐሰት መሐላ መጠሪያ ሆነ። ጭራሽ አንምልም ያሉት ኩዌከሮች በአንጻሩ በነጋዴነታቸው ታማኝ በመባል ይታወቁ ነበር። በመጨረሻም የ1835ቱ ሕግ ብዙዎቹን የአስተዳደር መሐሎች ሽሮ በተራ የጽሑፍ ማረጋገጫ ተካቸው።

ሕዝቡም የረከሰውን ቃል አልጣለውም፤ የንግግር መሙያ አደረገው። ዛሬ በስብሰባ መካከል ያለ ሐሳብ የሚወረወሩት «ጎሽ» እና «ጂ» የአምላክና የኢየሱስ ስሞች ስባሪዎች ናቸው።

የ1745ቱ ሕግ እስከ 1967 ድረስ አልተሻረም። ከመሻሩ 2 ዓመት በፊት ሃያሲው ኬኔት ታይናን በቢቢሲ የቀጥታ ሥርጭት ላይ ወሲባዊውን ቃል ሲናገር ፓርላማው ታወከ። ቃሉ ግን መሐላ አልነበረም።