«የጓዳ ስቱዲዮ»፦ ለ«ሆም ስቱዲዮ» የቀረበ አማርኛ

ድሮ መናገሻ አውራጃ ይባል በነበረው በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ ቡራዩ ወይም ሰበታ ወይም ሱሉልታ ላይ ቤት ፈልጎ የዞረ ሰው «ሦስት በአራት» የሚለውን ንግግር ያውቀዋል። ሦስት ሜትር በአራት ሜትር የሆነች አንዲት ክፍል ናት። አልጋው አንዱን ግድግዳ ይይዛል፣ ቁምሳጥኑ ሌላውን፣ በሩም ሲከፈት የራሱን ድርሻ ይወስዳል። በተረፈችው ጥግ ኪቦርድና ላፕቶፕ ዘርግቶ ሙዚቃ የሚያቀናብር ወጣት «የት ሠራኸው?» ሲባል «ሆም ስቱዲዮ» ብሎ ይመልሳል። ሥራው የኛው፣ ክፍሏም የኛው፤ ስሙ ብቻ የተውሶ ሆኖ ቀርቷል።

ለዚህ ስም «የጓዳ ስቱዲዮ» የሚለውን አማርኛ አቀርባለሁ። የጓዳ ስቱዲዮ ማለት በመኖሪያ ክፍል ውስጥ፣ ከኑሮው ጋር ቦታ ተጋርቶ፣ ዜማ የሚደረስበት፣ የሚቀናበርበትና የሚቀዳበት ስፍራ ነው። በሰዓት አይከራዩትም፤ ከባለቤቱ ጋር አብሮ ያድራል።

ቃል በቃል የሄደ ሰው «የቤት ስቱዲዮ» ሊል ይችላል። እኔም መጀመሪያ እሱ ይበቃል ብዬ ነበር። ችግሩ «ስቱዲዮ» በከተሞቻችን ብዙ ሥራ የተሸከመ ቃል መሆኑ ነው። ፎቶ የምንነሳው ስቱዲዮ ነው። የኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣለት ሰውም «ስቱዲዮ ደረሰኝ» ይላል፤ መኝታውና ሳሎኑ ያልተለየ ባለ አንድ ክፍል ቤት ማለቱ ነው። ታዲያ በዚያው ስቱዲዮ ቤቱ ውስጥ ሙዚቃ የሚሠራ ሰው «የቤት ስቱዲዮ አለኝ» ቢል ሰሚው ቤቱን ነው ወይስ ሙያውን የሚረዳለት? ስቱዲዮ የሚለው ቃል መነሻው ጣልያንኛ ነው፤ ጥናትንና የጥናት ክፍልን ያመለክታል። ለምዶናልና እሱን ማባረር አስፈላጊ አይመስለኝም። የጎደለን አጠገቡ ቆሞ የቱ ስፍራ እንደሆነ፣ ምን ዓይነት ሥራም እንደሚሠራበት የሚናገር ቃል ነው።

ጓዳ ይህን ይናገራል። እንግዳ የሚቀበለው ሳሎን ነው፤ ሥራው ያለው ግን ጓዳ ነው። ሊጡ እዚያ ይቦካል፣ ጠላው እዚያ ይጠነሰሳል፣ በርበሬውና ቅቤው እዚያ ይቀመጣል። አማርኛ ደግሞ «ጥንስስ» የሚለውን ቃል ለጠላም ለሐሳብም እኩል ይጠቀምበታል። ዜማም ተጠንስሶ የሚያድር ነገር ነው፤ ሌሊት የጣመው ጠዋት ሲቀመስ ሌላ ሆኖ ይገኛል፣ ይጨመርበታል፣ ይቀነስለታል።

«ማጀት» የሚለውንም አስቤው ነበር። ማጀት ግን ወደ ምግቡ ያጋድላል፤ ጭሱም አብሮት ይመጣል። ጓዳ ሰፋ ይላል። «የሰው ጓዳ» ስንል ገበናውን፣ ለብቻው የያዘውን ማለታችን ነው። ሙዚቀኛ የሚሳሳትበት፣ ያንኑ ሐረግ ማንም ሳይሰማው መቶ ጊዜ የሚደጋግምበት ቦታ ያስፈልገዋል። ጓዳ ይህንንም ያዘለ ቃል ነው።

ነገሩ ራሱ ከስሙ ይቀድማል። ፒያኒስቷ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ እ.ኤ.አ. ከ1977 እስከ 1985 ባለው ጊዜ፣ አዲስ አበባ በነበረው የቤተሰባቸው ቤት፣ ፒያኖ እየተጫወቱና እያንጎራጎሩ በካሴት መቅጃ ዜማዎቻቸውን ቀድተዋል። እሳቸው እ.ኤ.አ. በ2023 ኢየሩሳሌም ላይ ካረፉ በኋላ፣ በ2024፣ እነዚያ ቅጂዎች «ሱቬኒርስ» በሚል አልበም ወጡ። ከመስኮቱ ውጭ ያሉ ወፎች አብረው ይሰማሉ። ደህና የታሸገ ስቱዲዮ ቢሆን እነዚያን ወፎች ያስቀራቸው ነበር፤ ለእኔ ግን የአልበሙ ግማሽ ውበት እነሱ ናቸው።

ኃይሉ መርጊያንም ማንሳት አለብኝ። ደብረ ብርሃን ተወልደው አዲስ አበባ ያደጉት የዋልያስ ባንድ ኪቦርዲስት እ.ኤ.አ. በ1981 ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄደው እዚያው ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ1985 «ሸሞንሟናዬ» የተሰኘውን ካሴት ሲሠሩ አኮርዲዮኑንም፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖውንም፣ ሲንተሳይዘሩንም የተጫወቱት እሳቸው ነበሩ፤ ከበሮውን ማሽን ያዘላቸው። አንድ ሰው ባንድ ሆነ። ከዚያ በኋላ ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ሲነዱ ለብዙ ዓመታት ትንሽ ኪቦርድ የመኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይዘው ይዞሩ ነበር፤ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ እየጠበቁ መኪናው ውስጥ ተቀምጠው ይለማመዳሉ። ያ ካሴት እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታትሞ ዓለም አገኛቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 «ላላ በሉ» የተሰኘውን አልበም አወጡ። የታክሲ ወንበር ከሦስት በአራቱ ክፍል ምን ያህል እንደሚያንስ አስቡት።

ወደ ክፍሏ እንመለስ። ብዙዎች መጀመሪያ ዕቃ ይገዛሉ፤ በእኔ ግምት ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ነው። ድምፁን የሚሠራው ክፍሉም ጭምር ነውና ከክፍሉ መጀመር ይሻላል። እስቲ ባዶ ክፍል መሀል ቆማችሁ አንድ ጊዜ አጨብጭቡ። በሲሚንቶ የተለሰነ የብሎኬት ግድግዳ ጭብጨባውን እያንጫረረ ይመልሰዋል። ማይክም የሚሰማው ይህንኑ ነው። አልጋው ላይ ያለው ፍራሽ፣ በሩ ክፍት የሆነ ልብስ የሞላው ቁምሳጥን፣ ከዘፋኙ ጀርባ በመቆሚያ ላይ የተዘረጋ ወፍራም ብርድ ልብስ ወይም ጋቢ ይህን ተመላሽ ድምፅ ይውጡታል። ተከራይ ግድግዳ ላይ ሚስማር መምታት ብዙ ጊዜ ስለማይፈቀድለት እነዚህ ያለ ጭቅጭቅ የሚገኙ መፍትሔዎች ናቸው። ግድግዳ ሙሉ የእንቁላል ካርቶን መለጠፍ ግን ትርፉ ትንሽ ነው። ካርቶኑ ቀጭኑን ድምፅ በመጠኑ ያለዝባል እንጂ ቤዙን አይነካውም፤ ድምፅ ወደ ጎረቤት እንዳይሻገርም አይከለክልም። ድምፅን የሚያግደው ክብደት ነው፤ ካርቶን ደግሞ ክብደት የለውም።

ከሁሉም የሚያስቸግረው ቤዙ ነው። ድምፅ በአየር ውስጥ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል። ሦስት ሜትር በሚራራቁ ሁለት ግድግዳዎች መካከል በሰከንድ 57 ጊዜ ገደማ የሚርገበገብ ወፍራም ድምፅ እየተመላለሰ ራሱን ያገዝፋል፤ በአራት ሜትሩ በኩል ደግሞ 43 ገደማ የሆነው። በዚህ ምክንያት ያው የቤዝ ኖታ ጥግ ላይ ሲያገሳ ክፍሉ መሀል ይጠፋል። መሀል የተቀመጠ አቀናባሪ ቤዙ የሌለ መስሎት ይጨምራል፤ ሥራው ታክሲ ውስጥ ሲከፈት ሌላው ድምፅ ሁሉ ተውጦ ይገኛል። ሦስት በሦስት የሆነች ክፍል ደግሞ ከሦስት በአራቷ ትብሳለች፤ ሁለቱ ርዝመቶች አንድ ዓይነት ስለሆኑ ያው ችግር ይደራረባል። ስለዚህ ጠረጴዛውን አጭሩ ግድግዳ ዘንድ አድርጉት፣ ረጅሙ ርቀት ከጀርባችሁ ይሁን። ጆሯችሁ ከፊት ለፊቱ ግድግዳ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይራቅ። ሁለቱ ስፒከሮችና ጭንቅላታችሁ ሦስት ጎኑ እኩል የሆነ ሦስት ማዕዘን ይሥሩ፤ ስፒከሮቹም በጆሮ ቁመት ይቀመጡ። አልጋው ከኋላ ቢሆን ምንኛ ጥሩ ነው።

የቆርቆሮ ጣሪያው ጉዳይ ግን መፍትሔ የለውም። ሱሉልታ ላይ የሐምሌ ዝናብ ሲወርድ የትኛውም ብርድ ልብስ አያድንም። የዘፋኝ ድምፅ የሚቀዳው ሲያባራ ነው። ዝናቡ ሲጥል የኪቦርዱ ሥራ ይቀጥላል፤ ለምን እንደሚቀጥል ለማስረዳት ሚዲን ማብራራት ያስፈልጋል።

ሚዲ እ.ኤ.አ. በ1983 ለዓለም የቀረበ፣ የሙዚቃ መሣሪያዎችና ኮምፒውተሮች የሚነጋገሩበት ስምምነት ነው። ከኪቦርዱ ወደ ላፕቶፑ በዩኤስቢ ገመድ የሚሄደው ድምፅ አይደለም። ይህች ቁልፍ ተነካች፣ በዚህ ኃይል ተነካች፣ አሁን ተለቀቀች የሚል ትእዛዝ ብቻ ነው። ኃይሉም ከ0 እስከ 127 ባለው ቁጥር ይላካል። ለኛ አንባቢ ይህን የሚያስረዳ ከቤታችን የተሻለ ምሳሌ አለን። በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳዘጋጁት የሚነገርለት የድጓ ምልክት ራሱ ዜማ አይደለም፤ መሪጌታው ሲያየው ዜማው ከጉሮሮው ይወጣል። ሚዲም ምልክት ነው፤ ጉሮሮው ኮምፒውተሩ ነው። ዝናብ ምልክትን አያበላሽም። ተሳስቶ የተነካ ቁልፍ ነገ ሊታረም፣ ፒያኖ የነበረው ክራር ወደሚመስል ድምፅ ሊለወጥ፣ ፍጥነቱም ሊቀነስ የሚችለው በዚሁ ምክንያት ነው።

ይህ ከሆነ ደግሞ ኪቦርዱ ትልቅ መሆን የለበትም። ባለ 88 ቁልፉ ከአንድ ሜትር ከሃያ በላይ ርዝመት አለው፤ ትንሽ ጠረጴዛ አይችለውም። ቅኝቶቻችን ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ እያንዳንዳቸው የቆሙት በአምስት ድምፅ ነው፤ ለዜማ መጠንሰሻ ባለ 49 ወይም ባለ 25 ቁልፍ ይበቃል። ነገር ግን ፋብሪካው ኪቦርዱን የሚያወጣው ኦክታቩን፣ ማለትም ከአንድ ድምፅ እስከ ስምንተኛው ያለውን ርቀት፣ ለ12 እኩል ከፍሎ ነው። መሰንቆና ክራር እዚያ ክፍፍል ላይ ሁልጊዜ አይገጥሙም። ብዙ የቅንብር ኪቦርዶች እያንዳንዱን ድምፅ በግማሽ ድምፅ መቶኛ ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ማስተካከያ አላቸው። መሰንቆ ተጫዋች ክፍላችሁ ከመጣ ኪቦርዱን ወደ መሰንቆው አምጡት እንጂ መሰንቆውን ወደ ኪቦርዱ አትጎትቱት። ቅኝታችን እየሳሳ የሄደበት አንዱ በር ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ቁልፉን ነክተው ድምፁ ዘግይቶ ሲመጣ ሙዚቀኞች «ላተንሲ» የሚሉት ችግር አለ። ኮምፒውተሩ ድምፁን ቆጥቦ፣ አጠራቅሞ ስለሚያወጣው ነው። በሰከንድ 44,100 ናሙና በሚሠራ ቅንብር ውስጥ መጠራቀሚያው 1,024 ናሙና ከሆነ ድምፁ በዚህ ብቻ 23 ሺሕኛ ሰከንድ ይዘገያል። ድምፅ በዚያ ጊዜ ስምንት ሜትር ያህል ይጓዛል። ክፍሉ አራት ሜትር፣ ስፒከሩ ስምንት ሜትር ርቆ እንዳለ መቁጠር ነው፤ ጎረቤት ግቢ ቆሞ እንደሚጮኽ ስፒከር። መጠራቀሚያውን ወደ 256 ስታወርዱት መዘግየቱ ወደ 6 ሺሕኛ ሰከንድ ይወርዳል፣ ስፒከሩም ወደ ክፍሉ ይመለሳል። ስትጫወቱ ዝቅ፣ ስታዋህዱ ከፍ አድርጉት። ከውጭ የሚሰካ ሳውንድ ካርድ የሚያስፈልገው አንዱ ለዚህ ነው፤ ሌላው ለማይክ።

መብራት ይሄዳል። በእኛ ሁኔታ ላፕቶፕ ከዴስክቶፕ የሚመረጠው ባትሪ ስላለው ነው፤ ዴስክቶፕ ያለው ዩፒኤስ ይግዛ። መብራቱ ሲመለስ ከመጠን በላይ ሊመጣ ስለሚችል ሁሉም ነገር በስታቢላይዘር በኩል ይለፍ። ሌሊት ደግሞ ማዳመጫ ይደረግ፤ አከራይና ጎረቤት የሚያርፉበት ሰዓት ነው።

«ጓዳ» ሥራውን ያሳንሰዋል የሚል ይኖራል። ስሙ ልክን ያሳውቃል እንጂ አያሳንስም። ሙሉ ድራም፣ የነሐስ መሣሪያዎች ቡድን፣ የመጨረሻው ማስተሪንግ ሰፊና የታከመ ክፍል ይፈልጋሉ፤ እነዚህ ሳሎን መውጣት አለባቸው። መድረስ፣ ማቀናበርና መሞከር ግን ጓዳ ያልቃል። ስለዚህ «ቅንብሩን ጓዳ ስቱዲዮዬ ጨርሼ ድራሙን ከተማ ቀዳሁ» ማለት ትክክለኛ አማርኛ ነው፤ ቃሉም ሁለቱን ስፍራዎች ይለያቸዋል።

በዛሬው ሸገር ከተማ ውስጥ ባሉት በእነዚህ ሰፈሮች የምትሠሩ አቀናባሪዎች፣ በሚቀጥለው ሥራችሁ ላይ የስቱዲዮው ስም በሚጻፍበት መስመር «የጓዳ ስቱዲዮ፣ ሰበታ» ወይም «የጓዳ ስቱዲዮ፣ ሱሉልታ» ብላችሁ ጻፉበት።